የይለፍ ቃል

የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከጫማ መደርደሪያዬ ሥር፣
አንዲት አሮጌ ማሽን አለች፣ ሰባት ዓመት ስታጉረመርም የምታድር።
የአማርኛ ቃል ታርማለች፤ «ሰ»ን ከ«ሠ»፣ «ሀ»ን ከ«ሐ» ትለያለች፤
ለተማሪ፣ ለጸሐፊ፣ ለማመልከቻ አርቃቂ በነጻ ትሠራለች።
ከሚያለሟት አንድም ደመወዝተኛ የለ፤
አንዱ ከጅማ፣ አንዷ ከፉሪ፣ ጉርሜሳ ከሱሉልታ።
ይጽፋሉ፣ ያርማሉ፣ ይልካሉ፤
ከዚያ እኔን ይጠብቃሉ።

በሯ በእኔ እጅ ነበራ!
የይለፍ ቃሏን አዋቂ እኔ፣ አስነሺ እኔ፣ ጠጋኝ እኔ።
ጉርሜሳ የላከው እርማት አርባ ቀን ከርሞ
«አየኸው ወይ?» ሲለኝ፣
«ሥራ በዝቶብኝ» እላለሁ።
እውነት ነው፣ በዝቶብኛል።
ግን መብዛቱንም እወደዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ነው የብሎካችን ስብሰባ፤
ውኃ በሳምንት አንዴ መጥታ ፓምፑ ተቆልፎ፣
ቁልፉ አቶ ብሥራት ኪስ፣ አቶ ብሥራት አዳማ።
ብድግ ብዬ «የስንት ሰው ጥማት በአንድ ሰው ኪስ አይደር!» አልኩ።
ተጨበጨበልኝ።
ደረጃውን በኩራት ወጣሁት።
ማሽኗ ገና ከበሩ በማጉረምረም ተቀበለችኝ፤
አልሰማኋትም።

አጎቴ ሞተ። መንዝ ሄድኩ፤ ቀብር ነው፣ ሠልስት ነው፣ ኔትወርክ የለም።
አባዶ መብራት ጠፋ፤ መጣ።
ማሽኗ ግን አልተነሣች፤ ማን ያስነሣት?
በአራተኛው ቀን ጉብታ ላይ ወጥቼ ስልኬን ሽቅብ ብይዘው
ስልሳ ሦስት መልእክት እንደ በረዶ ወረደብኝ፤
የፈትያ የመጨረሻው ነው፣ እሱ ነው የገደለኝ፦
«ከፉሪ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ መጣሁ። ጥበቃው የለም አለኝ።
ቢሆንም ወጣሁ። ጆሮዬን በርህ ላይ ለጠፍኩ።
ዝም ብላለች።
አንዲት ቁልፍ መጫን ነበር የቀረው፤
የለየን አንድ የብረት በር ነው።
አላህ ያጽናህ። ስትመለስ ንገረን።»

ስመለስ ወረቀት አወጣሁ።
በጭንቅላቴ ብቻ የኖረውን አንድ በአንድ ጻፍኩ፦
ይሄ ሲቆም ያንን ቀስቅሱ፤ ማክሰኞ ሌሊት ይሄኛው ይሞላል፣ አራግፉ፤
እዚህ ጋ በክር የታሰረ ነገር አለ፣ አፍሬበታለሁ፣
አትንኩ፤ ወይም ንኩና እለፉ።
የይለፍ ቃሉ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።
የሴት ስም ነው።
ከነዓመተ ምሕረቱ።
ለሦስት ሰው እንዴት ይሰጣል እንዲህ ያለ ስም?
ቀየርኩት። ለየአንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁልፍ ቀረጽኩ፤
ማን ያያል፣ ማን ይለውጣል፣ ማን ያጠፋል፣ ለየሁ።
ሰጥቼ ስጨርስ፣ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ታክሲ እንዳሳፈረ አባት
መስኮት ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣
ጉርሜሳ አሥራ አንድ ሺህ ቃላት ደመሰሰ።
«እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላ አልጨመረ።
ነጠላ ጫማዬን በጨለማ ስፈልግ፣ አንዱን አግኝቼ አንዱን ሳጣ፣
ፈትያ ከቅጂው መልሳው
«ተኛ» የሚል መልእክቷ መጣ።
አልተኛሁም። ግን ተጋደምኩ።

አሁን ፉሪም አንድ ማሽን አለ፣ ከፈትያ የስፌት መኪና ጎን፤
የእኔዋ ስትደክም ያቺኛዋ ትቀጥላለች።
ባለፈው ሳምንት የራሴው ቁልፍ ጠፋብኝና «አስገቡኝ» ብዬ ጻፍኩ፤
«ማን ልበል?» አለችኝ።
ግማሽ ቀን አስጠበቀችኝ፤
አርባ ቀን አይደለም፣ ተመስገን አልኩ።

የፓምፑ ቁልፍ አሁንም አቶ ብሥራት ጋ ነው።

አንዳንድ ሌሊት፣ መብራት ሳላበራ፣ ጣቶቼ በልማድ
ያንን ስም ይጽፋሉ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ።
ማሽኗ «አልተፈቀደም» ትለኛለች።
ይለፍ፣ እላለሁ።